ናሙናው ስልክ

ኢንጂነር ደባልቄ በሥራ ዘመኑ በገዛ እጁ ያዞረው ብሎን አንድ ብቻ ነው። እሱም መነካት የሌለበት ነበር።

ነገሩ የሆነው አገልግሎቱ የተመረቀ ዕለት ነው። እኔ ያን ጊዜ ገና አልተቀጠርኩም፤ የነገሩኝ ጋሽ ባፈና ናቸው። አሶሳ ባለው የጥገና ክፍላችን ግቢ ድንኳን ተተክሎ እንግዶች ተቀምጠዋል። የሞባይል ኔትወርክ ለማይደርስባቸው ጤና ኬላዎች አሥራ አምስት የሬዲዮ ስልኮች መጥተዋል። ሴት ምጥ ሲጠናባት የኬላው ባለሙያ ቻናሉን መርጣ አምቡላንስ የምትጠራባቸው ናቸው። አሥራ ስድስተኛው ለኃላፊው ቢሮ ነው። ኢንጂነር ደባልቄ የራሱን ይዞ ለእንግዶቹ ንግግር ሲያሰማ በድንኳኑ ጫፍ ካለው ሌላ ስልክ የወጣው ድምፁ ትንሽ ቀጠነ። ስለ ድምፁ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ካቻቪቴ አስመጣ፣ ከስልኩ ጀርባ አንዲት ቀዳዳ አገኘ፣ ውስጧ ያለችውን ትንሽ ብሎን ወደ ቀኝ አዞራት።

"አሁንስ?" አለ።

ከድንኳኑ ጫፍ ሌላውን ስልክ የያዘው ሰውዬ ምን ይበል? "በጣም ግሩም ነው ኢንጂነር!" አለ። ተጨበጨበ።

በማግስቱ ኢንጂነር ደባልቄ ቀዳዳዋ ላይ ወረቀት ለጠፈባት፤ ወረቀቱ ላይ የቢሮውን ማህተም መታበት። ስልኩን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጦ "ናሙና" ብሎ ጻፈበት። ከዚያ ወዲህ በክፍላችን ትክክል ማለት የኢንጂነሩን ስልክ መምሰል ማለት ሆነ።

ብሎኗ ምን እንደሆነች ልናገር። በእያንዳንዱ ስልክ ውስጥ የባቄላ ፍሬ የምታክል ክሪስታል አለች። ኤሌክትሪክ ሲሰጣት በሰከንድ አሥራ ሁለት ሚሊዮን ስምንት መቶ ሺህ ጊዜ ትርገበገባለች። የስልኩ መለኪያ እሷ ናት። ወደ አየር የሚወጣውን ሞገድ የሚፈጥረው ሌላ ክፍል ነው፤ እሱ ግን ብቻውን ቢተው በአንድ ቦታ አይጸናም፤ ሙቀት በተለወጠ ቁጥር ይዋልላል። ስለዚህ ሞገዱ ያለማቋረጥ ከክሪስታሏ ጋር ይመሳከራል። ቻናል አንድን ስትመርጥ ሞገዱ ለአንድ ቁጥር ይካፈላል፤ ቻናል ሁለትን ስትመርጥ ለሌላ ቁጥር። የተካፈለው ከክሪስታሏ ካልገጠመ፣ እስኪገጥም ድረስ ይጎተታል። ከአንዲት ክሪስታል ሰማንያ ቻናል የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው። ብልህ ሥራ ነው። ነገር ግን ክሪስታሏ ራሷ ከተሳሳተች ሰማንያውም ቻናል አብሯት ይሳሳታል፤ ለምን ብሎ አይጠይቅም። ኢንጂነር ደባልቄ ያዞራት ብሎን የክሪስታሏ ነበረች።

ስህተቱ ለአንድ ዓመት ማንንም አልጎዳም፤ የተሳሳተው የእሱ ስልክ ብቻ ነበርና። እሱ ደግሞ የሚደውለው ከቢሮው ወደ ወርክሾፑ፣ ለጥገና ወደመጣ ስልክ ነው፤ በመካከሉ ያለው አንድ የኮምፔርሳቶ ግድግዳ ነው። ለሩቅ ሰው በሞባይሉ ይደውላል። ጉዳቱ የመጣው አምና፣ "ዓመታዊ ማስተካከያ" የሚባል ነገር ባወጣ ጊዜ ነው። ስልኮቹ ሁሉ ተሰብስበው መጥተው ከናሙናው ጋር እንዲገጥሙ አዘዘ።

ማስተካከሉ የጋሽ ባፈና ሥራ ነበር። ጋሽ ባፈና የአሶሳ ዙሪያ የበርታ ተወላጅ ናቸው። ዲፕሎማ የላቸውም፤ ጆሮ ግን አላቸው። ሁለት ስልክ ባንድ ቻናል ያስከፍታሉ፣ በሦስተኛው ያዳምጣሉ። ሁለቱ ሞገዶች ካልገጠሙ ልዩነታቸው ፉጨት ሆኖ ይሰማል። ብሎኗን ሲነኳት ፉጨቱ ይወፍራል፣ ይወፍራል፣ በመጨረሻ ዝም ይላል። ዝም ሲል ገጥሟል። በሁለት ቀን አሥራ አራቱን እንዲህ አድርገው ጨረሱ። እኔ አዲስ ተቀጣሪ ነበርኩ፤ በየፎርሙ ላይ "ከናሙናው ጋር ገጥሟል" ብዬ ፈረምኩ። አሥራ አራት ጊዜ።

አሥራ አምስተኛው አልመጣም። ከቶንጎ ወዲያ ያለች ማሪያም የምትባል ነርስ "የእኔ ስልክ ይሠራል፤ የሚሠራ ዕቃ ለምን እልካለሁ?" ብላ ጻፈች። ኢንጂነር ደባልቄ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ላከላት።

ስልኮቹ ወደየኬላቸው በተመለሱ በወሩ ደብዳቤ ይጎርፍ ጀመር። አሥራ አራቱም ድምፅ ተቀብሎ ወደ ሩቅ ከሚያስተላልፈው የተራራው ማማ ጋር አይገናኙም። አሶሳ ሆኖ ሲሞከር ማማው ቅርብ ስለሆነ ሞገዱ በጉልበቱም ቢሆን ያልፋል፤ ድምፁ ይጎረንናል እንጂ ይሰማል። ከሩቅ ግን የደከመ ሞገድ ደግሞ ቦታውን ከሳተ ማማው አይቀበለውም። የሚሠራው የማሪያም ስልክ ብቻ ሆነ። ከእጃችን ያመለጠው።

ስልኮቹ ተመልሰው ወርክሾፑ ጠረጴዛ ላይ ተደረደሩ። ኢንጂነር ደባልቄ ጥፋተኛውን ለማግኘት ግማሽ ቀን አልፈጀበትም፤ ባፈና አበላሸ። የዲሲፕሊን ኮሚቴ ሰኞ ይቀመጣል፤ የቀረበው ሐሳብ ስንብት ነው። ጋሽ ባፈና አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርተዋል። ጡረታቸው ሦስት ዓመት ቀርቶታል። ወረቀት የሌለውን የሃምሳ ሰባት ዓመት ሰው ሌላ ማን ይቀጥረዋል?

ረቡዕ ጠዋት ኃላፊው ቢሮ ገባሁ።

"ኢንጂነር፣ የሚሠራው የማሪያም ስልክ ብቻ ነው" አልኩት።

"አውቃለሁ።"

"ያላስተካከልነውም እሱን ብቻ ነው።"

"አየህ!" አለ ጣቱን ቀስሮ። "ከሥርዓት ውጭ የሆነ ዕቃ ነው ማለት ነው። አስቀድሞ መሰብሰብ ያለበት እሱ ነው።"

የቀለደ መስሎኝ ጠበቅኩት። አልቀለደም።

"ምናልባት ናሙናው ራሱ..."

"ናሙናው ምን?"

"ተዛብቶ ሊሆን ይችላል። ብሎኗ ተነክታለች። ደግሞ ከሰዓት ፀሐይ..."

"ምንውየለት፣ ኮሌጅ ስንት ዓመት ተማርክ?"

"አራት።"

"በአራት ዓመት ናሙና ማለት ምን እንደሆነ አልነገሩህም? ናሙና ይለካበታል እንጂ አይለካም!" የተናገረው ለራሱ ስለጣመው አጀንዳውን አውጥቶ ጻፈው።

"እንግዲያው እኔም ጥፋተኛ ነኝ። በፎርሞቹ ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ።"

"አንተ የፈረምከው መግጠሙን ነው። ገጥሟል። እሱ ግን አበላሸ። ልዩነቱ ይገባሃል?"

"አልገባኝም።"

"ይገባሃል፤ ገና ልጅ ነህ" አለና ወደ ሥራ እንድመለስ በእጁ አመለከተኝ።

ኢንጂነር ደባልቄ ሌባ አይደለም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ቢሮው ይገኛል። የመንግሥት መኪና ለግሉ ሲያስነሳ አላየሁም። የፅዳት ሠራተኛችን ልጅ የታመመች ጊዜ በራሱ ሞተር ሆስፒታል ያደረሳት እሱ ነው። ይህን ሁሉ ባስብለትም ንቀቴ አልቀነሰም። ሌባ ቢሆን ይሻለን ነበር፤ ሌባ የሚደብቀው ነገር እንዳለ ቢያንስ ራሱ ያውቃል።

ሐሙስ ንብረት ክፍል ሄድኩ። የሞገድን ድግግሞሽ በቁጥር የሚያሳይ መሣሪያ እዚያ አለ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ከካርቶኑ አልወጣም። በእሱ ናሙናውን ብለካው ክርክር አይኖርም። ንብረት ክፍሉን የምትይዘው እትዬ አስረሳሽ ናት።

"ለአንድ ሰዓት ብቻ፣ እትዬ አስረሳሽ።"

"የኔ ጌታ፣ ለአንድ ደቂቃም አይሆንም። ይሄ ዕቃ ገና አልገባም።"

"ይኸው አጠገብሽ ተቀምጦ የለም እንዴ?"

"ላንተ ተቀምጧል። የገቢ ደረሰኙ፣ ሞዴል አሥራ ዘጠኝ፣ አልተቆረጠለትም። ያልገባ ዕቃ ደግሞ እንዴት ይወጣል?"

"ለምን አልተቆረጠለትም?"

"ተረካቢ ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው። ሁለቱ ፈርመዋል፣ ሦስተኛው ወደ ማንቡክ ተዛወረ። ደብዳቤ ጽፈንለታል።"

"መቼ?"

"የዛሬ ሁለት ዓመት።"

አልፈረድኩባትም። በጠፋ መሰላል ምክንያት ሰባት ቀጠሮ ፍርድ ቤት የተመላለሰች ሴት ናት። ልወጣ ስል ግን ጠራችኝ።

"ጋሽ ባፈናን እውነት ያባርሯቸዋል?"

"ሰኞ።"

ቀጥ ብሎ የተቀመጠውን ካርቶን እንደገና አቃናችው።

ወርክሾፕ ተመልሼ ለጋሽ ባፈና የሆነውን ነገርኳቸው። ከት ብለው ሳቁ።

"ለምን ቆጣሪ ትለምናለህ፣ ያ ወለዲ፣ ልጄ? ማማ አለ አይደለም?"

ልክ ናቸው። የማማው ክሪስታል ሙቀቱ በማይለወጥ ትንሽ ሣጥን ውስጥ ተዘግቶ ነው የሚኖረው። የተከሉት ባለሙያዎች ቆልፈውት ሄደዋል። ከእኛ ማንም አልነካውም፤ ኃላፊያችን ዳገት አይወድም። በመሥሪያ ቤታችን እውነት ሆኖ የቀረው ነገር በሙሉ የዳነው በኢንጂነር ደባልቄ ጉልበት ድካም ነው።

"የሱ ስልክ ከማማ ጋር ሲሆን ያፏጫል። በጣም ያፏጫል" አሉ። "ከዓመት በላይ ሰማሁ።"

"ለምን አልተናገሩም ታዲያ?"

"ተናገርኩ። 'ማማውን ወደፊት እናስተካክለዋለን' አለኝ።"

"ስህተት መሆኑን እያወቁ አሥራ አራቱን አበላሹ?"

ቀና ብለው አዩኝ። "አንተ ፈረምክ አይደለም?"

ወንበራቸውን ወደ እኔ አስጠጉ።

"ስማኝ። ለአሥራ አራቱ ትእዛዝ አለ፤ ናሙናውን ምሰል የሚል። ጥሩ። ናሙናው ራሱ እውነት ቢሆንስ?"

ኮሌጅ ውስጥ ከሰማሁት ሁሉ ይህን የሚያህል የለም። ኢንጂነሩን ማሳመን አያስፈልግም ነበር። ስልኩን ማረም ብቻ፤ ሌላው ሁሉ ተከትሎት ይመጣል።

አርብ ለጁምዓ ከአምስት ተኩል ጀምሮ ቢሮ ይበተናል። ኢንጂነር ደባልቄ ምሳውን በልቶ፣ አረፍ ብሎ፣ ስምንት ሰዓት ሲሆን ይመለሳል። ቢሮውን አይቆልፍም፤ ማን ይደፍረኛል ነው። ጋሽ ባፈና ሶላቱ እስኪደርስ አንድ ሰዓት ነበራቸው። ወርክሾፑ ውስጥ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ፤ እኔ ከግድግዳው ወዲህ ናሙናው ፊት ቆምኩ። እርጥብ ጨርቅ ማህተሙ ላይ አድርጌ የመበየጃውን ጫፍ በላዩ አሳለፍኩት። ወረቀቱ ሳይቀደድ ተነሳ።

ማማው እንዲናገርልን አንድ ሰው በእሱ በኩል ማውራት አለበት። ማሪያምን በናሙናው ጠራኋት።

"ማነው? በጆንያ ውስጥ ያለህ ትመስላለህ።"

"ምንውየለት ነኝ፣ ከአሶሳ።"

"ስልኬን ልትወስዱ ከሆነ አልሰጥም።"

"አይደለም። የመናገሪያውን ቁልፍ ተጫኚና ዝም በይ።"

"ደውለህ ዝም በይ ትለኛለህ? ለስንት ጊዜ?"

"በቃ እስክልሽ።"

"የአሶሳ ሰው!" አለችና ተጫነች። የዶሮ ጩኸት ብቻ ይሰማኝ ጀመር።

ናሙናውን ማማው በሚናገርበት ቻናል ላይ አድርጌ የመናገሪያውን ቁልፍ ተጫንኩና ካቻቪቴውን ቀዳዳዋ ውስጥ አስገባሁ። ከግድግዳው ወዲያ የጋሽ ባፈና ድምፅ መጣ።

"ግራ። ቀስ... አሁን እንደ ቢምቢ ነው። ግራ... አሁን ንብ... ቀስ በል እንጂ፣ መኪና ነው እንዴ የምትነዳው!... አሁን በሬ ሆነ። ትንሽ። ትንሽ... አሁን ከበሮ ይመታል። ዱም... ዱም... ዱ..."

ካቻቪቴውን በሁለት ጣት ብቻ ያዝኩት።

"ኸላስ! አንሳ! እጅህን አንሳ!"

አነሳሁ። ብሎኗ የዞረችው የጥፍር ጫፍ ያህል ነው። የአሥራ አራት ጤና ኬላዎች ዝምታ፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሥራ፣ የጥፍር ጫፍ ያህል።

ብሎኗ እንዳትንቀሳቀስ ጠብታ ቀይ የጥፍር ቀለም አደረግሁባት። ጠዋት እትዬ አስረሳሽን ስለምናት ለምን ብላ አልጠየቀችም፤ ከቦርሳዋ አውጥታ "ይሄ የራሴ ነው፤ ሞዴል የለውም" ብላ ሰጠችኝ። ማህተሙን በቦታው መልሼ ለጠፍኩት። ጋሽ ባፈና ጫማቸውን አጥልቀው ወደ መስጊድ ሄዱ።

ስምንት ሰዓት ላይ ኢንጂነር ደባልቄ መጣ። አርብ ከሰዓት "የናሙና ጥሪ" የሚባል ልማድ አለው። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጠረጴዛችን ላይ ያሉትን ስልኮች አንድ በአንድ ይጠራል፤ እኛ እንመልሳለን፤ እሱ ምልክት ያደርጋል። ከየኬላው ከተመለሱ ወዲህ በየሳምንቱ አሥራ አራቱም ጥርት ብለው ሲመልሱለት ኖረዋል።

የመጀመሪያው ጎረነነ። ሁለተኛውም። በአምስተኛው ላይ በሩን በርግዶ ገባ።

"ምንድነው ይሄ? ሁሉም ጉሮሯቸው ተዘጋ! ባለፈው አርብ ደህና አልነበሩም?"

"ነበሩ" አልኩ።

"ባፈና! ደግሞ ምን አደረግህ?"

ጋሽ ባፈና እጃቸውን ዘረጉ። "ዛሬ ስልክ አልነካሁም። ወላሂ አልነካሁም።" እውነታቸውን ነው፤ የነካሁት እኔ ነኝ።

"ኢንጂነር፣ ምናልባት ከናሙናው ርቀው ይሆናል" አልኩት።

"ከናሙናው ርቀዋል!" አለ በቁጣ፣ አሁን እሱ እንዳገኘው ሁሉ። "ስንት ጊዜ ልንገራችሁ? በሉ አሁኑኑ፣ እኔ ፊት፣ ሁሉም እንደ ናሙናው ይስተካከሉ!"

ወንበር አስመጥቶ መሐላችን ተቀመጠ። ጋሽ ባፈና አንገታቸውን ደፍተው ጀመሩ። ፉጨቱ እየወፈረ፣ እየወፈረ፣ ዝም። ቀጣዩ። ኢንጂነር ደባልቄ በየመሀሉ "ትንሽ ቀኝ... እንደሱ" ይላል። ምን ወደ ቀኝ እንደሆነ አያውቅም፤ ጋሽ ባፈና ግን በእያንዳንዱ "እሺ ኢንጂነር" እያሉ ወደ ግራ ያዞራሉ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን አሥራ አራቱም አለቁ።

"አሁን ያቺን ግትር ሴትዮ እኔው እጠራታለሁ" አለና በናሙናው ማሪያምን ጠራ።

"አቤት!" ድምጿ ከበራፉ ውጭ የቆመች ያህል ጠርቶ መጣ። ኢንጂነር ደባልቄ ደነገጠ፤ ከቶንጎ ወዲያ የሚመጣ ድምፅ በዚህ ስልክ ሰምቶ አያውቅም።

"ኢንጂነር ደባልቄ ነኝ።"

"አሁን ጥርት ብለዋል። ቅድም ቁልፉን ተጫኚ ብሎ ጣቴን ያደነዘዘኝ እርስዎ ነዎት?"

ኃላፊው ወደ እኔ ዞረ። "ምንድነው የምትለው?"

ጋሽ ባፈና ከጠረጴዛው ቀና ሳይሉ "ማሪያም ሥራ ብዙ ነው። ደክሞታል" አሉ።

"ደክሟታል" አለ ኢንጂነር ደባልቄ በርኅራኄ። ከዚያ ስልኩን ዘግቶ ፊቱ በራ። "አያችሁ? የእሷም ተስተካከለ!"

"ሳይመጣ?" አልኩ፤ አፌን መያዝ አቅቶኝ።

"ናሙናው ሲጸና ሁሉም ይጸናል" አለ። ይህንንም አጀንዳው ላይ ጻፈው።

አመሉን ስለማውቅ በዚያው ናሙናን የሚያህል ነገር መስኮት ላይ መጣል ክብሩ እንዳልሆነ ነገርኩት። ወዲያው አንስቶ፣ ፀሐይ ወደማይደርስበት፣ የምስጋና ወረቀቶቹ ያሉበት የመስታወት ቁምሳጥን ውስጥ አስገባው። ከዚያ በኋላ ሲደውል ብቻ ነው የሚያወጣው።

ሰኞ ኮሚቴው ተቀመጠ። ቃለ ጉባኤው "በኢንጂነር ደባልቄ የቅርብ ክትትል አሥራ አራቱም ስልኮች ወደ ሥራ መመለሳቸው" ይላል። ሠራተኛ ባፈና ጥፋታቸውን አምነው ከፈረሙ ስንብቱ ቀርቶ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይታለፋሉ። ደብዳቤውን ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። "በፈጸምኩት ግድየለሽነት ተጸጽቼ" የሚለው ላይ ስደርስ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

"አይፈርሙ" አልኳቸው። "ገብቼ ሁሉንም እናገራለሁ።"

"ከተናገርክ ምን ይሆናል?"

"እውነቱ ይታወቃል።"

"እውነቱን ሲያውቅ ምን ያደርጋል? ብሎኑን ወደ ቀኝ ይመልሳል።" እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰዱ። "አንተ አሥራ አራት ውሸት ፈርመህ ምንም አልሆንክም። እኔ አንድ ብፈርም ምንድነው?"

ፊደሎቹን አንድ በአንድ፣ ብሎን እንደሚያጠብቅ ሰው እየተጠነቀቁ ስማቸውን ጻፉ።

ስልኮቹ በሳምንቱ ወደየኬላቸው ሄዱ። አሁን ሁሉም ይሰማሉ። በቀጣዩ ወር ኢንጂነር ደባልቄ በስብሰባ ላይ ተመሰገነ፤ ቁምሳጥኑ ውስጥ ወረቀት ተጨመረ። ጋሽ ባፈና እያጨበጨቡ ነበር፤ እኔም አጨበጨብኩ። ያን ዕለት ከእሱ ይልቅ ራሴን ናቅኩ፤ ብዙም ባይሆን።

ያለፈው አርብ ከናሙና ጥሪው በኋላ ጠራኝ። ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ጀርባውን እያገላበጠ ያየዋል።

"ምንውየለት፣ ድምፄ ትንሽ የቀጠነ አይመስልህም?"

"ኧረ በፍጹም፣ ኢንጂነር።"

"አይ፣ ቀጥኗል። እስቲ ያቺን ቀጭኗን ካቻቪቴ አምጣልኝ።"

ከኮምፔርሳቶው ወዲያ የጋሽ ባፈና ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ።

"ካቻቪቴዋ ንብረት ክፍል ተመልሳለች" አልኩት። "ከመቁጠሪያው መሣሪያ ጋር በአንድ ካርቶን ነው የታሸገችው። ያለ ሦስት ፊርማ አትወጣም።"

አሰበ። ኢንጂነር ደባልቄ ሥርዓት አክባሪ ሰው ነው። "ሦስተኛው ፈራሚ ማነው?"

"ማንቡክ የተዛወረው ነው።"

"ደብዳቤ ጻፍለታ! እኔ እፈርማለሁ።"

ወዲያው ጻፍኩት፤ በሦስት ኮፒ፣ በጥሩ አማርኛ። ፈረመበት፣ ማህተም መታበት፣ እንድልከው ሰጠኝ። መሳቢያዬ ውስጥ ነው ያለው፤ ከካቻቪቴዋ ሥር።